ልጃቸው ፊት ያጎረስኳቸው ቀን

ያን ቀን ምን እንዳጠፋሁ እስከ ዛሬ በቅጡ አይገባኝም። አጠፋሁ ብዬ አለቅሳለሁ፣ ደግሞ ምን አደረግኩ ብዬ እናደዳለሁ።

ካርቲየ 6 የሚባል ሰፈር ውስጥ አምስት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት አለችኝ። ከደንበኞቼ አንዱ ድሮ የከባድ መኪና ሾፌር የነበሩ፣ ዓይናቸውን ስኳር የወሰደባቸው አዛውንት ነበሩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። የሚኖሩት ብቻቸውን ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ በዱላቸው ግድግዳውን እየነካኩ ይመጡና ፋኑ ሥር ይቀመጡ ነበር።

እንዴት እንደማስተናግዳቸው ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ ያውም በቁጣ። መጀመሪያ ሰሞን እጃቸውን ይዤ ስጎትታቸው፣ «በሬ ነኝ እንዴ? ክንድሽን ስጪኝ፣ እኔ እይዛለሁ!» አሉኝ። ትሪውን ሳቀርብ ምኑ የት እንዳለ መናገር አለብኝ፦ ሽሮው ወደ እርስዎ፣ ጎመኑ በግራዎ፣ ሥጋው ወዲያ ማዶ። ከዚያ በኋላ እጄን መሰብሰብ ነው። ትቻቸው ስሄድም «ሄድኩ» ማለት አለብኝ። አንዴ ረስቼ ጓዳ ገብቼ ስመለስ ለባዶ ወንበር ድሮ ስለነዱበት የጋላፊ መንገድ ሲያወሩ አገኘኋቸው። ሁለት ቀን አኮረፉኝ።

አንድ ቀን ታዲያ ፊታቸው ልክ አልነበረም።

«ነገ ልጄ ከድሬዳዋ ትመጣለች» አሉኝ። «አኗኗሬን ልታይ ነው። ብቻውን አይችልም ካለች ይዛኝ ትሄዳለች። እዚህ እያንዳንዱን መታጠፊያ አውቀዋለሁ። እሷ ቤት ግን ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ሰው ልጠራ ነው።»

«አይዞዎት ጋሼ፣ ለኔ ተዉት» አልኳቸው። ምነው ያን ጊዜ አፌን በያዘኝ!

እኔ ያሰብኩት ልጅቷን የሚያስጨንቃት ‹አባቴ ሰው የለውም› የሚል ሐሳብ ነው ብዬ ነው። ሰው እንዳላቸው ካየች ልቧ ያርፋል። እኛ ዘንድ ደግሞ ሰው እንዳለህ የሚታወቀው ስትከበር፣ ስትለመን፣ ስትጎርስ አይደል እንዴ?

በማግስቱ ከልጃቸው ጋር ሲመጡ ሳይ ሮጬ ወጣሁ። ዱላቸውን ተቀበልኩ፣ ወንበር ሳብኩ፣ እጃቸውን አስታጠብኩ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለየሁ። ምኑ የት እንዳለ መናገሩን ከናካቴው ረሳሁት። እኔው እያጎረስኩ ምን ያደርግላቸዋል! «በሞቴ!» «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!» አንድ፣ ሁለት፣ አራት ጉርሻ። ዓይን ያለውንም ደንበኛ እኮ አጎርሳለሁ!

ጋሼ ዝም ብለው አፋቸውን ይከፍታሉ። እምቢ ማለት ነውር ሆኖባቸው ይሁን ተስፋ ቆርጠው፣ አላውቅም። አንዴ ብቻ ራሳቸው ሊቆርሱ እጃቸውን ሲሰዱ ሚጥሚጣው ውስጥ ገባ። እዚያ እንዳስቀመጥኩት አልነገርኳቸውም ነበር። ልጅቷ በሶፍት ጠረገችላቸው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። እኔ ሞኟ፣ ደስ ብሏት ነው አልኩ።

በልተው ሲነሱ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ሳመችኝ።

«እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። በስልክ ሁሌ ‹ራሴን እችላለሁ› ነበር የሚለኝ። እንዲህ መሆኑን ባታሳዪኝ የት አውቅ ነበር?»

ክው አልኩ። «ኧረ ብቻቸውን ነው የሚበሉት! ዛሬ እኔ ነኝ... እኔ ነኝ እንጂ...» ብዬ ተንተባተብኩ። እሷ ግን ፈገግ ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። የአባቷን ገበና የምሸፍንላት መስሏት ነው።

ጋሼ ወደ ድምፄ ዞሩ። ለትንሹም ለትልቁም የሚቆጡኝ ሰውዬ ያን ቀን አልተቆጡም።

«ተይው ልጄ» አሉኝ። «አሁን አታምንሽም።»

በሳምንቱ ወሰደቻቸው።