ዜሮ የሆነው የት ላይ ነው?

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሒሳብ ወደቅሁ። ድጋሚ ፈተና ተፈቀደልኝ፤ ያንንም ከወደቅሁ ግን በቃ፣ መባረር ነው። ካዛንቺስ ቤታችን ገብቼ ለአባቴ፣ «አራሚው በድሎኛል» አልኩት። አባቴ ወጣና ጎረቤታችንን አማከራቸው። ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ግላኮማ ዓይናቸውን ሲያጠፋው ጡረታ የወጡ ሴት ነበሩ። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ «ቲቸር» ነው የምንላቸው።

«የፈተና ወረቀትሽን ይዘሽ ነይ ብለውሻል» አለኝ ተመልሶ።

እያፈርኩ ሄድኩ። ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው አዘዙኝ። የተሰጡት ፈንክሽኖች ሁለት ናቸው፦ ኤክስ እና ኤክስ ስኩዌር። አንዱን በቁጥር አባዝተን ሌላውን እናገኛለን ወይስ ሁለቱም ራሳቸውን የቻሉ ናቸው? ይህን ለማወቅ ከላይ ፈንክሽኖቹን፣ ከሥር ዴሪቫቲቫቸውን ደርድሮ ዲተርሚናንቱን ማስላት፣ ማለትም በሰያፍ አባዝቶ መቀናነስ ነው።

«ምን መጣልሽ?»

«ኤክስ ስኩዌር። ዜሮ ስለሚሆን ጥገኛ ናቸው ብዬ ጻፍኩ።»

«ዜሮ የሆነው የት ላይ ነው?»

«ኤክስ ዜሮ ሲሆን።»

«አንድ ሲሆንስ?»

«አንድ።»

«ታዲያ! አንድ ቦታ ላይ እንኳ ከዜሮ ከተለየ ራሳቸውን የቻሉ ናቸው። አንዷን ቦታ አይተሽ ለሁሉም ፈረድሽ እኮ።»

ፊቴ ጋለ። አራሚው አልበደለኝም።

ሦስት ሳምንት በየቀኑ ተመላለስኩ። እኔ አነባለሁ፤ እሳቸው ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ እያስኬዱ ይከተሉኛል። መስመሩን ሳልጨርስ፣ «ሚነሷን ዋጥሻት!» ይሉኛል። ሁልጊዜም ልክ ነበሩ።

ውጤቱ ሲለጠፍ ከታክሲ ወርጄ በቀጥታ እሳቸው ቤት ገባሁ።

«ቲቸር፣ አለፍኩ! ሲ አገኘሁ!»

«ለምን ቢ አልሆነም?» ብለው ሳቁ። ላመሰግናቸው ስጀምር እጄን ያዙኝ። «ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ ጋዜጣ የሚያነብልኝ አለ፤ ዳዊት የሚደግምልኝም አለ። ሒሳብ ያነበበልኝ ግን ካንቺ በቀር የለም።»

እስክመረቅ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። በመጨረሻው ዓመት እሳቸውም ያልተማሩት ምዕራፍ ላይ ደረስንና አንዱን ጥያቄ ሁለታችንም ተሳሳትነው። «ድገሚልኝ እስቲ፣ ከላይ ጀምሪ» አሉኝ፣ ወንበራቸውን ወደ እኔ እየሳቡ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም።