የእትዬ ኤዲልማ ቀይ ነጥብ

በባራንኪያ ከተማ፣ ሬቦሎ ሰፈር፣ ስፒከር የተቃጠለበት ሰው የሚያንኳኳው አንድ በር ብቻ ነው፤ የእትዬ ኤዲልማን። አርባ ዓመት ሙሉ ለተቃጠለ ስፒከር ፀጉር የመሰለ የመዳብ ሽቦ ሲጠቀልሉ ኖረዋል። ማንኳኳት ስል መስኮት መደብደብ ማለቴ ነው፤ የሰፈራችን ሙዚቃ ቤዝ፣ ያ ወፍራም ጉርምርምታ፣ ጆሯቸውን ቀስ በቀስ በልቶ ጨርሶታል። ዘንድሮማ ወሬኛው ሁሉ «አበቃላቸው፤ የማይሰማ ሰው እንዴት ድምፅ ይጠግናል?» ማለት ጀምሮ ነበር። እንጀራቸውም ክብራቸውም ያ ሽቦ ነው።

እኔ ኡባልዶ እባላለሁ፤ የ«ቁጡው በሬ» ባለቤት። ቁጡው በሬ ፒኮ ነው፤ ቁም ሣጥን የሚያህል፣ በቀለም ያሸበረቀ የሙዚቃ ሣጥን። ፒኮን ከካርኒቫል በፊት እንደ አዲስ ማስቀባት ደንባችን ነው፤ ሳያስቀቡ ከሌላ ሰፈር ፒኮ ጋር ለድምፅ ፍልሚያ መውጣት ነውር ነው። አራቱን ስፒከሮች እትዬ ኤዲልማ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ሠዓሊው ኔልሲዶ ደግሞ እስከ ጀርባቸው ድረስ ሮዝና አረንጓዴ አለበሳቸው። ገመዶቹን እኔው ራሴ አሰርኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት የማዶ ሰፈር ፒኮ ፊት ለፊታችን ቆመ። ከፈትኩ። ዘፋኙ ይሰማል፣ ቤዙ የለም። እያንዳንዱን ለብቻው ስሞክር ደህና ነው፤ አራቱን አብሬ ስከፍት ግን ሳል ብቻ። ማዶዎቹ «በሬው ጥጃ ሆነ እንዴ?» እያሉ ሳቁብኝ። ደሜ ፈላ። የእትዬ ኤዲልማን መስኮት ደብድቤ አስወጣኋቸውና በሰው ፊት፣ «አንቺ ደንቆሮ፣ ስሜን ቀበርሽው» አልኩ። አዎ፣ አንቺ አልኩ፤ አፌን ቁርጥ ያርገው።

ከንፈሬን አንብበዋል። የባትሪ ድንጋይና ሁለት ቁራጭ ሽቦ ይዘው መጡ፤ ገመዶቹን ነቃቅለው፣ መዳፋቸውን በአንደኛው ስፒከር ወረቀት ላይ አሳርፈው የባትሪውን ሽቦ ልክ እኔ ገመዱን እንዳሰርኩት አድርገው አስነኩ። ወረቀቱ ወደ ውጭ ዘለለ። ሁለተኛውም ወደ ውጭ። ሦስተኛውና አራተኛው ግን ወደ ውስጥ ሸሹ።

«ተመልከት» አሉኝ። «ሽቦዬ የተቀመጠው ማግኔት መሃል ነው። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይገፋል፤ ኤሌክትሪኩን ካዞርክበት ግፊቱም ይዞራል። ሁለቱ አየሩን ሲገፉ ሁለቱ ይስቡታል። እርስ በርስ ቤዝህን ተበላሉት። ለመሆኑ ቀይ ነጥቤን የት አደረስከው?»

ሁሉም ዞሮ ኔልሲዶን አየ። ኔልሲዶ ብሩሹን አየ። የትኛው ገመድ ከየት እንደሚታሰር የሚያሳየው ቀይ ነጥብ ሮዝ ቀለም ሥር ተቀብሯል፤ እኔ ጀግናው ደግሞ በግምት ነው ያሰርኩት።

የሁለቱን ገመድ አዙረው አሰሩና «ክፈት» አሉ። የጎረቤት ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። የማዶ ሰፈር ሰዎች ሳይቀሩ ወደ እኛ መጥተው ጨፈሩ። እሳቸው እጃቸውን ወረቀቱ ላይ አድርገው ፈገግ አሉ።

ጠጋ ብዬ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ።

«አልሰማሁም» አሉ፣ ከንፈሬን እያዩ።

ሙዚቃውን አጠፋሁት። ፍልሚያ መሃል የራሱን ፒኮ ያጠፋ ሰው በሬቦሎ ታይቶ አይታወቅም። ጨፋሪው ሁሉ ባለበት ቆሞ አየኝ። «እትዬ ኤዲልማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የእርስዎ እጅ አልተሳሳተም» ብዬ ጮህኩ።

ስፒከር ሲፈትኑ እንደሚያደርጉት መዳፋቸውን ደረቴ ላይ አሳረፉ።

«አሁን ደረሰኝ» አሉ። «በል ክፈት።»