ሴቶቹ ቀሩ

ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ያለው አዳሪ መድረሳችን ዛሬ ፎቅ ነው። መጀመሪያ የአክስቴ የማሽላ ማሳ ነበር። አክስቴ ልጅ የላትም፤ መሬቱን ወቅፍ አድርጋ ለአላህ ስትሰጥ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከቆላ የሚመጡ ሴት ልጆች እዚያው አድረው ቁርአን ይቅሩ። እኛ አገር ቁርአን መማር መቅራት ነው የሚባለው።

እኔም እዚያ ነው የቀራሁት፤ ቀን በሚግል ቆርቆሮ ሥር፣ ማታ ትንኝ እየበላኝ። ግን አልጋ ነበረኝ።

ከዚያ ግቢው «አደገ»። የወንዶቹ መኝታ በብሎኬት ተሠራ፣ መስጂዱ ሰፋ፣ ቢሮ መጣ፣ የእንግዳ ማረፊያ መጣ። የሴቶቹ ክፍል ለጊዜው ተብሎ ሲሚንቶ ተከመረበት። እናንተ ተመላላሽ ሁኑ ተባሉ። ያን ሁሉ መንገድ በዚያ ፀሐይ ማን ይመላለሳል? ቤታቸው ተቀመጡ፤ ብዙዎቹ ተዳሩ።

ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ስመለስ የኮሚቴው ሰብሳቢ አዲሱ ፎቅ ሊመረቅ ስለሆነ የመድረሳውን ታሪክ ጽፈሽ አንብቢ አሉኝ። ሲሚንቶውንም ሳልደብቅ ጻፍኩት። አነበቡና ፊታቸው ጠቆረ።

«ይሄን አውጪው። ‹ወንዶቹም ሴቶቹም ቀሩ› ብለሽ ዝጊው፣ አለቀ።»

ተከራከርኩ፣ አልሰሙኝም። ቃላቸውን እንዳለ ይዤ ወጣሁ።

በምረቃው ቀን ሴቶቹ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጠዋል። አንብቤ አንብቤ መጨረሻው ላይ ስደርስ ዝግ አልኩ፦ «ወንዶቹ ቀሩ። ሴቶቹም ቀሩ።»

ከመጋረጃው ጀርባ የአክስቴ ድምፅ መጣ። «ቁርአን ነው የቀሩት፣ ቤት ነው የቀሩት?»

ሴቶቹ ሳቁ። ከወንዶቹም የሳቀ አለ። ሰብሳቢው ማይኩን ከእጄ ወሰዱና «እናታችን፣ ይሄን በኋላ እንነጋገራለን» ብለው ወደ ዱዓ ገቡ። በኋላማ ሥጋ ተበላ፣ እንግዳ ተሸኘ። ማንም አላነጋገራትም።

በሳምንቱ ሲሚንቶው ወጣ ሲባል እየሮጥኩ ሄድኩ። እውነትም ወጥቷል፣ ወለሉም ተጠርጓል። ጥበቃውን ልጆቹ መቼ ይገባሉ አልኩት። የምን ልጆች፣ ጄኔሬተር ነው የሚገባው አለኝ።

አክስቴ ቤቷ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ማባበል አልችልበትም፣ እንደ ወረደ ነገርኳት።

«መብራቱ ለማን ነው?» አለች።

ለፎቁ አልኳት። ነጠላዋን አጣፍታ ብቻዋን ወደ ሰብሳቢው ቤት መንገድ ጀመረች። የትም እንደማያደርሳት እያወቅኩ ተከተልኳት።