ትርንጎ በአቡጀዲ ላይ የሣለችው ጅብ

ትርንጎ ገብረወልድ ነገሌ የመጣችው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ክብረ መንግሥት ተወልዳ ያደገች፣ አንደኛ ክፍል እንድታስተምር የተመደበች እልኸኛ ሴት ነበረች። እኔ ሁለተኛ ክፍልን አስተምር ነበር፤ ክፍሎቻችንን የሚለያቸው ሳንቃ ብቻ ስለሆነ ጩኸቷንም ሳቋንም ሳልወድ እሰማለሁ።

በዚያን ጊዜ ልጆቹ ቤታቸው ኦሮምኛ ስለሚናገሩ አንዲት የአማርኛ ቃል ሳያውቁ ይመጣሉ፤ እኛ ደግሞ በአማርኛ ብቻ እናስተምራለን። ከዚያ «ደንቆሮ» ብለን እንቆጣለን! ትርንጎ ግን አቡጀዲ ገዝታ፣ በከሰልና በቀይ አፈር ጅብ፣ ቀበሮና አህያ ሣለች። ጅቡ ሆዱ ተነፍቶ ከግብር የተመለሰ ሹም ይመስል ነበር። ግድግዳው ላይ ሰቅላ ተረቱን ስትጀምር ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

የከብት አርቢው የአቶ ጎሊቻ ልጅ ጡሜ ብቻ አልሳቀችም። ትምህርት ከገባች ጀምሮ ትንፍሽ ብላ የማታውቅ ልጅ እጇን አወጣች።

«እትዬ፣ ተረት በቀን የለም። ከብት ይጠፋል።»

እነጡሜ ተረት የሚያወሩት ከብቱ በረት ከገባ በኋላ ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያወራ ሰው ከብቱ ይበተንበታል ይላሉ። ትርንጎ ግን የልጅቷን በአማርኛ መናገር እንጂ ሌላውን አልሰማችም። በደስታ አበደች። «ነይ፣ የሥዕሉን ማሳያ በትር ያዥና አንቺው ተርቺልን!» ጡሜ እምቢ አለች። ትርንጎ ለመነች፣ አባበለች፣ በመጨረሻም ተቆጣች። ልጅቷ ወጥታ ተረተች። እኔም ጠመኔ እንደያዝኩ ከሳንቃው ማዶ ቆሜ አዳመጥኳት። እንዴት አሳምራ እንደተረተችው! በእውነት ቀናሁ።

በዚያው ሳምንት የአቶ ጎሊቻ ላሞች በወደራ በኩል ጫካ ገብተው ጠፉ።

ጡሜ ከትምህርት ቤት አልቀረችም፤ አፏን ግን ዘጋች። ትርንጎ ሥዕሎቹን አወረደች። «በተረት ከብት አይጠፋም» ብላ ብትምልላትም ልጅቷ መሬት መሬቱን ታያለች። ላሞቹ ሲገኙ ፍርሃቱ ይለቃታል ብለን ጠበቅን፤ ትርንጎም እንዲገኙ ተሳለች። ለላም የተሳለች አስተማሪ ብዬ አሾፍኩባት።

ላሞቹ ተገኙ። አቶ ጎሊቻ ራሳቸው መጡ።

«ናጋ፣ ሰላም ነው፣ አስተማሪ። ላም መጣ፣ ሁሉም መጣ» አሉ እየሳቁ።

ትርንጎ እልል አለች። «አሁንማ ጡሜ ትናገራለች!»

የአቶ ጎሊቻ ሳቅ ጠፋ። «እቤት ትናገራለች። እዚህ አትናገርም። ‹እዚያ ዝም ስላልኩ ነው ላም የተመለሰው፤ ካወራሁ ይሄዳል› ትላለች። አይደለም ብያታለሁ። ላሙን ግን በዓይኗ አየች፤ ምን ልበላት?»



የዓመቱ ፈተና ጮክ ብሎ ማንበብ ነበር። ጡሜ መጽሐፉን ይዛ ቆመች። ጣቷ ከፊደል ወደ ፊደል ይሄዳል፣ ሁሉንም ታውቀዋለች፣ ከንፈሯ ግን አይላቀቅም። ትርንጎ «አንድ ቃል ብቻ፣ እናቴ» እያለች አለቀሰች። ልጅቷም ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ፈተናውን ወደቀች፤ በሚቀጥለው ዓመትም አልተመለሰችም።

አንድ ቀን ከትርንጎ ጋር ከከተማው ወጣ ስንል፣ ጡሜ ላሞቹን ወደ ውኃ ስትነዳ ደረስን። በየስማቸው እየጠራች ትጮኽባቸዋለች፤ ድምፅዋ ሜዳውን ሞልቶታል። እኔ ልጠራት አፌን ስከፍት ትርንጎ ክንዴን ጎትታ ወደ ኋላ መለሰችኝ።

«ተው፣ ካየችኝ ዝም ትላለች» አለች።