በባለቤቴ ሱቅ የታተመው ካርታ

ያንን ፎልደር ባስታወስኩ ቁጥር ጥርሴን አፋጫለሁ። በዚሁ ከቀጠልኩ ዓመቱ ሳያልቅ ከገንፎ ሌላ የምበላው አይኖርም።

መርሳ ከተማ ውስጥ የመሬት ልኬት ባለሙያ ነኝ፤ ማሳ እለካለሁ፣ ካርታ እሠራለሁ። ቢሮው ላፕቶፕ ሰጥቶኛል። ሰጥቶኛል ማለት ከተቻለ ነው እንጂ፣ የኮምፒውተር ባለሙያችን ቫይረስ ፈርቶ የፍላሽ መሰኪያዎቹን ሁሉ ቆልፏቸዋል። የቢሮው ፕሪንተር ደግሞ ቀለም ከጨረሰ መቶ ዓመት ሆኖታል። በኋላ በዚሁ ጉዳይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲጽፉልኝ እንኳ «እባክህ ቤትህ አትመህ አምጣልን» ነው ያሉኝ። ከዚህ በላይ ምን ያቃጥላል?

ባለቤቴ ከቤታችን በመንገዱ በኩል ባለው ክፍል ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ትሠራለች። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና የሚያገናኛቸው ራውተር አላት። እኔ ብልጡ ላፕቶፑን ከዚያ ኔትወርክ ጋር አገናኘሁና የካርታዎቹን ፎልደር ሼር አደረግሁት። ጓዳ ተቀምጬ እሠራለሁ፤ እሷ ሱቋ ሆና ከፍታ ታትማለች። የይለፍ ቃል አላደረግሁበትም። ከገዛ ቤቴ ማን ሊሰርቀኝ?

ከሁለቱ ኮምፒውተሮች በአንዱ ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው፣ ፎርም የሚሞላው ግማሽ መርሳ እንደሆነ ረስቼው ነበር!

ያኔ ውርጌሳ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት እናት ከጎረቤታቸው ጋር በአንዲት ቁራጭ መሬት ይከራከሩ ነበር። ቁራጯ ከአልጋ ምንጣፍ አትሰፋም፤ ግን ከማሳቸው የቦይ ውሃ የሚደርሰው እሷ ጋ ብቻ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት እሷ ላይ በሚያለሙት ሽንኩርት ነው። ለካሁ። የመጀመሪያውን ካርታ ስሠራ ግን አንድ ነጥብ ዘለልኩና ቁራጯ ለጎረቤትየው ገባች። በማግስቱ አይቼ አስተካከልኩ፣ አዲሱን ለብቻ አስቀመጥኩ። የተሳሳተውን አልሰረዝኩትም። አንድ ጣት መጫን ነበር፤ ያችን ጣቴን እስከ ዛሬ አኩርፌያታለሁ።

የቀበሌው ኮሚቴ በተሰበሰበ ቀን ትክክለኛውን ካርታ ዘረጋሁ። ጎረቤትየው ከኮቱ ኪስ አራት የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«ይሄሳ የማን ነው?»

የእኔው ነው። ስሜ ሳይቀር አለበት።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከሚስትህ ሱቅ! ማመልከቻ ልጽፍ ብቀመጥ ኮምፒውተሩ ላይ አገኘሁት። አትሚልኝ አልኳት፣ አተመችልኝ።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እናትየው ብቻ አልሳቁም።

«ልጄ፣» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ምን አብልቶህ ነው?»

በንዴት ጆሮዬ ጋለ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ድንበር ስለካ የሰው ሻይ እንኳ ፈርቼ ነው የምጠጣው! «ወረቀቱ የእኔ አይደለም፣ አስመስሎ ሠርቶት ነው» ብል የሚያምነኝ አላጣም ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሰውየው መሰሪ ይሁን እንጂ ያንን ወረቀት የሠራሁት እኔ ነኝ።

«እማማ፣ ምንም አልበላሁም። የመጀመሪያውን ስሠራ ተሳስቼ ነው፤ እሱንም በር ከፍቼ የተውኩት እኔው ነኝ።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሽማግሌ ሁለቱን ካርታዎች ጎን ለጎን አስቀመጡ። «ሁለቱም የአንተ ሥራ ከሆኑ የቱን እንመን?»

«የቱንም አትመኑ። ሜትሩን እንካችሁ፣ ማሳው ድረስ ወርዳችሁ ራሳችሁ ለኩት። እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ እቆማለሁ።»

ወረዱ፤ እኔም እጄን ኪሴ ከትቼ ተከተልኩ። ሜትሩ ሲዘረጋ ያላበኝ ላብ ያንን ቦይ ባይሞላ እንኳ ሽንኩርቱን ያጠጣል። ከአረሙ ውስጥ የድሮው የድንበር ድንጋይ ብቅ አለ፤ ቁራጯ የእናትየው ሆነች። ጎረቤትየው ወረቀቱን መልሶ አጥፎ ኪሱ ሊከት ሲል ሰብሳቢው ተቀብለው ቀደዱት።

አሁን እናትየው ያመሰግኑኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ያ የተሳሳተው፣ እዚያ ሳጥንህ ውስጥ አሁንም አለ?»

«አለ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ተነስ፣ መርሳ እንሂድ!»

ሚኒባስ ተሳፈርን። ሱቁ ስንደርስ ንዴቴን ባለቤቴ ላይ ላወጣ ሞከርኩ። «ለምን አተምሽለት?»

«ፎልደሩ ውስጥ ያለውን አትሚ ያልከኝ አንተ! ሰው ሁሉ ሲያሳትም አንተን እየጠራሁ ላስፈቅድ?»

እየተነጫነጭኩ ወደ ጓዳ ገባሁ። ላፕቶፑን አምጥቼ ከፈትኩ። እናትየው በርጩማ ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ካርታውን አሳየኋቸው፣ ሰረዝኩት።

«የት ሄደ?»

«ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ገባ።»

«ከቆሻሻም ሰው ያነሳል» አሉ፣ ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ። «እሱንም ድፋው።»

ደፋሁት። ያን ጊዜ ነው ነጠላቸውን አስተካክለው የተነሱት።