ቁምሣጥን ውስጥ የቆየ የማርያም መቀነት

ረቡዕ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ደብረ ታቦር

መናኸሪያው ገና በደንብ አልነጋለትም። የሚኒባሱ ረዳት ሣጥናችንን ወደ ጣሪያ ሊያነሳ ሲል እጁን ያዝኩት።

«ብርጭቆ ነው። ጭኔ ላይ ይሁን።»

«እማማ፣ እንቁላል ነጋዴ ነዎት እንዴ?»

«ፊዚክስ ነው የያዝነው» አለችው ምሕረት። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

ምሕረት የእህቴ ልጅ ናት፤ የፊዚክስ መምህርት። ፈቃድ ወስዳ በየወረዳው እየዞረች ተማሪዎችን ፊዚክስ በእጃቸው እያስነካች ታስተምራለች። እኔ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ዕቃ ጠባቂ ነበርኩ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሣጥኑን እንድይዝላት ይዛኝ ወጣች።

4 ሰዓት፣ መካነ ኢየሱስ

መንገዱ አቧራ ነው። ግራና ቀኙ አውድማ፣ የገለባ ክምር፣ የሚያበራዩ በሬዎች። የእስቴ ወረዳዋ መካነ ኢየሱስ ስንደርስ ጫማችን ቀለሙ አይለይም ነበር።

ምሕረት ጊዜ አታጠፋም። ተማሪዎቹ የጫማ ካርቶን በመርፌ በሱ፤ በሌላው በኩል ዘይት የነካው ወረቀት ለጠፉ፤ ነጠላ ተከናንበው ወደ ግቢው ዞሩ።

«ዳይሬክተሩ ተዘቅዝቀው ይሄዳሉ!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ሌሎቹ እየተጋፉ ካርቶን ተነጣጠቁ። ዳይሬክተሩ ራሳቸው መጥተው «እስቲ እኔም ራሴን ልየው» ሲሉ ግቢው በሳቅ ተናወጠ።

ከዚያ ከሣጥናችን ሌንሶቹን አወጣሁ። በየወንበሩ እየዞርኩ በየልጁ ዓይን ፊት ያዝኩላቸው። አንዲት ልጅ እጇን ዘረጋች።

«እማማ፣ እኔ ልያዘው?»

«እጄ ላይ እንዳለ እዪው።»

ምሳ ላይ ምሕረት «እትዬ፣ ለማየት ብቻ ከሆነማ ሥዕሉ መጽሐፉ ላይ አለ» አለችኝ።

እኔ እንጀራዬን ጠቀለልኩ። ሽሮው ጥሩ ነበር።

ሐሙስ፣ 3 ሰዓት፣ ወደ ጋይንት

ማታውን ደብረ ታቦር አድረን በማለዳ ወደ ምሥራቅ ተነሣን። ከኋላችን የስማዳ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አንደኛዋ እናት ቅቅል ድንች ከነሚጥሚጣው አቀበሉን። ብርዱ በመስኮቱ ይገባል።

«ወደ አርብ ገበያ ከተማ ለመሄድ ሐሙስን መምረጣችሁ ብልህነት ነው» አለ ሹፌሩ። «ነገ ብትመጡ ተማሪው ገበያ፣ መምህሩም ገበያ። ለአህያ ታስተምሩ ነበር!»

5 ሰዓት፣ አርብ ገበያ

ክፍሉ ጢም ብሏል። እኛ የያዝነው ፕሪዝም፣ ያ ባለ ሦስት ጎን ብርጭቆ፣ ሁለት ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ ግን አንድ ሙሉ ካርቶን እንዳለው ምሕረት በስልክ ሰምታለች። ቁልፉ ያለው ዕቃ ጠባቂው አቶ ሙሉ ጋ ነው።

ቁምሣጥኑን ከፈቱልን። ፕሪዝሞቹ ከመጡበት ወረቀት አልወጡም። በእያንዳንዱ ላይ በክር የታሰረ ቁጥር አለ። እኔም እንደዚሁ ነበር የማስረው።

«አያችኋቸው? አንድም አልተጫረም» አሉ በኩራት፤ መልሰውም ሊቆልፉ ተነሡ።

«ለልጆቹ ነው የፈለግናቸው» አለች ምሕረት። «ፀሐይዋ ከመስኮቱ ሳትሸሽ።»

«ልጄ፣ ጡረታዬ ስድስት ወር ቀርቶታል። አሁን ቢሰበርብኝ ንብረት አልጎደለበትም የሚል ክሊራንስ ማን ይሰጠኛል? አንቺ?»

ምሕረት ወደ እኔ ዞረች።

«አቶ ሙሉ» አልኩ፣ «እኔም በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ቆይቻለሁ። አንድ ብርጭቆ አልተሰበረብኝም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን!»

«አንድ ልጅም አልነካውም።»

ቁልፉ እጃቸው ላይ ቀረ።

«በእኔ ስም ያውጡት። እፈርማለሁ።»

ፈረምኩ። ካርቶኑን ይዘን ወደ ክፍል ስንገባ ከኋላችን ተከተሉን፤ በሩ ላይም ቆሙ።

ፀሐይዋ አሁንም መስኮቱ ላይ ነበረች። ፕሪዝሞቹን ለየወንበሩ አደልኩ፤ በዚህ ጊዜ ይዤ አልቀረሁም። መጀመሪያ ጣሪያው ላይ፣ ቀጥሎ ግድግዳው ላይ፣ ከዚያም በየደብተሩና በየጉንጩ ላይ ቀዩ፣ ቢጫው፣ አረንጓዴው፣ ወይን ጠጁ ፈሰሰ።

«የማርያም መቀነት! ያለ ዝናብ!» አለች ስንዱ የምትባል ቀጭን ልጅ። ለጓደኛዋ ላሳይ ብላ ስትዞር ፕሪዝሙ ከእጇ አመለጠ።

ሲሚንቶው ላይ ጮኸ።

ሁሉም ወደ በሩ ዞረ። ስንዱ እጇን እንደዘረጋች ቀረች። ጎንበስ ብዬ አነሣሁት፤ አንድ ማዕዘኑ ተሸርፏል።

«በእኔ ስም ነው» አልኩ።

አቶ ሙሉ ከእጄ ወሰዱት። አገላበጡት። ወደ መስኮቱ ሄደው ፀሐይ ላይ ያዙት። ቀለሙ በነጭ ጋቢያቸው ላይ ወረደ፤ ትከሻቸውን አዩት፤ እንደገና አዩት።

«ይሠራል» አሉ። «እንዲህ መሆኑን እኔም አላውቅም ነበር።»

ተመልሰውም ለስንዱ ሰጧት። «ያዢ፤ ምን ያስደነግጥሻል?»

9 ሰዓት

ስንሰነባበት በቁምሣጥኑ በኩል አለፍኩ። ካርቶኑ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ የተሸረፈው ከላይ ነው። አቶ ሙሉ የሉም። ስንዱና ሦስት ልጆች የማጉያ መነጽር እያወጡ ነበር።

ቁልፉ በቁምሣጥኑ በር ላይ ተንጠልጥሏል። አየሁት፤ ሳልቆልፍ አለፍኩ።

መኪናው ሲመጣ ረዳቱ ሣጥኑን ወደ ጣሪያ ሊያነሳ እጁን ዘረጋ። ሰጠሁት።