ከጉብታው ላይ የታየ ጉግስ

ባለፈው ሳምንት ፍኖተ ሰላም ላይ በባጃጅ ወደ ገበያ ስሄድ አንድ የጋሪ ፈረስ ከፊታችን ቆሞ መንገድ ዘጋብን። ባለባጃጁ ክላክሱን ደጋግሞ ሲነፋ እኔ ፈረሱን አየሁት። የፊት እግሩ ከጉልበቱ በታች በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ሌላ ሰው ቢሆን ወለምታ ነው ብሎ ያልፍ ነበር። እኔ ግን እንዲህ ያለ ጨርቅ በገዛ እጄ ጠቅልዬ አውቃለሁና "እዚህ አውርደኝ" አልኩት።

የኛ ፈረስ ቦራ ይባል ነበር፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ። ቤታችን ከቡሬ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ገጠር ውስጥ ነው። አባቴ በወሬ ቁጥብ፣ በፈረሱ ግን ጉረኛ ሰው ነበር። ለፈረሱ የሚያለብሰው፣ በቀይ ክር የተጠለፈ ግላስና ያማረ ኮርቻ ነበረው፤ በሰርግም በበዓልም ጎረቤቱ ሁሉ ይዋሰዋል። እኛ አገር ኮርቻውን ለሰርገኛ የከለከለ ሰው ክፉ ስሙ ለልጅ ልጁ ይተርፋል። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ አባቴ "ዘንድሮ ለጥምቀት ጉግስ የምትገባው አንተ ነህ" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሕልሜ ሁሉ ግልቢያ ሆነ።

በታኅሣሥ፣ በርበሬው በየግቢው ተሰጥቶ ነፋሱ ራሱ በሚያስነጥስበት ሰሞን፣ የቦራ የፊት እግር ላይ እብጠት አየሁ። እንደ መቁጠሪያ ተከታትሎ ወደ ላይ ይወጣል። አባቴ የታሰረበት ገመድ ልጦት ነው ብሎ ቅቤ ቀባው። ቅቤው አለቀ፤ እብጠቱ ፈርጦ ወደ ሁለተኛው እግር ተሻገረ። አንድ ማለዳ እየመራን ቡሬ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሙ ገና ጢም ያላበቀለ ወጣት ነበር። እብጠቱን አንድ በአንድ እየዳሰሰ ሄደና ደረቱ ላይ ሲደርስ እጁን አነሳ።

"አባባ፣ ይህ የገመድ ቁስል አይደለም። ከፈረስ ወደ ፈረስ የሚጋባ ክፉ በሽታ ነው።"

"እሺ፤ መድኃኒቱን ስጠን።"

"ቀደም ብለው ቢያመጡት እንሞክር ነበር። አሁን ርቆ ሄዷል። ለብቻው ያኑሩት፤ ኮርቻውም ልጓሙም ሌላ ፈረስ እንዳይነካ።"

አባቴ የቦራን ጋማ ወደ አንድ ጎን ደጋግሞ አስተኛ። በመጨረሻ "እህል ይበላል እኮ" አለው። ሐኪሙ መልስ አልሰጠውም።

ስንመለስ በየአውድማው ጤፍ ይወቃ ነበር፤ ገለባው በፀሐይ ያበራል፣ ቦራም እንደ ልማዱ ኪሴን ያሸታል። ሕልም ውስጥ የምንሄድ መሰለኝ፤ ብነቃ ሁሉም ደህና የሚሆን።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን አያ ስሜነህ ለጥምቀት ኮርቻውን ሊዋስ መጣ። አባቴ ኮርቻውን ከግድግዳው ሲያወርድ የሚሰጠው መሰለኝ። ግቢው መሃል አስቀመጠውና እሳት አመጣ።

"ምነው፣ በደህናህ ነው?" አለ አያ ስሜነህ።

"ቦራ ታሟል። ፈረስህን ከወደድክ ከቤቴ ምንም አትዋስ። ለሌላውም ንገር።"

የቆዳው ሽታ እስከ ማታ ከግቢው አልወጣም። ለእኔ የተቃጠለው ጥምቀቴ ነበር። አባቴን ጠላሁት፤ ይህን አሁን ሳወራ አፍራለሁ።

የጥምቀት ዕለት ቤተሰቡ ታቦት ሊያጅብ ሲወጣ የእናቴን አሮጌ ነጠላ ቀድጄ የቦራን እግሮች ጠቀለልኩ። ለሚያየው ቁስል ሳይሆን ጌጥ እንዲመስል ነበር። ከገመድ ልጓም ሠርቼ ያለ ኮርቻ ወጣሁበት። ከሜዳው በላይ ያለው ጉብታ ላይ ስንደርስ ጭጋጉ እየተነሳ ነበር። ከታች የፈረሶቹ ቃጭል ይሰማል፣ እልልታው ከአቧራው ጋር ወደ እኛ ይመጣል። ቦራ ጆሮውን አቁሞ አሽካካ። ከታች አንዲት ባዝራ መለሰችለት። የአያ ስሜነህ ነበረች፤ ውርንጭላዋም ከጎኗ ነው።

ወደ ሜዳው ላወርደው ተረከዜን አነሳሁ። ያኔ ጨርቁን አየሁት፤ ከቁስሉ በወጣው መግል ርሶ ነበር። ከጀርባው ወረድኩና አንገቱን አቅፌ አለቀስኩ።

አባቴ ወደ ማታ ገደማ ድፎ ዳቦ በነጠላው ቋጥሮ ጉብታውን ወጣ። የእግሩን ጨርቅ አየ፤ የገመዱንም ልጓም አየ። ቁጣውን ስጠብቅ ከጎኔ ተቀምጦ ዳቦውን ቆረሰ፤ ለእኔ ሰጠኝ፣ ቀጥሎ ለቦራ።

"ጉግሱ ከዚህ ሆኖ ሲያዩት ይሻላል" አለኝ።

ጨዋታው ካለቀ ቆይቶ ነበር። ሦስታችንም ፀሐይ እስክትጠልቅ ባዶውን ሜዳ ስናይ ቆየን።

ቦራ ክረምቱን አላየም። በዚያ ዓመት በመንደራችን ሌላ ፈረስ አልታመመም። አባቴም ከዚያ በኋላ ፈረስ አልገዛም።

የፍኖተ ሰላሙ ባለጋሪ ጎልማሳ ሰው ነው። "ገመድ ትንሽ ልጦት ነው፣ አባባ" አለኝ። ጨርቁን እንዲፈታው ለመንኩት። ሲፈታው ያው እንደ መቁጠሪያ የተከታተለ እብጠት ወጣ። ፈረሱን ከሌሎቹ ጋር እንዳያቆመው፣ ዛሬውኑ ለሐኪም እንዲያሳየው ነገርኩት። የማውቀውን ሁሉ ልነግረው አስቤ ነበር፤ እሱ ግን የፈረሱን ግንባር እያሻሸ ቀና ብሎ አየኝ።

"እህል ይበላል እኮ" አለኝ።

ያ ወጣት ሐኪም ለአባቴ ለምን እንዳልመለሰለት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ገበያዬን ትቼ ከጋሪው የተፈታውን ፈረስ እየተከተልኩ እስከ ከተማው የእንስሳት ሐኪም ደጃፍ አብሬው ሄድኩ።